የግድግዳው ጽሑፍ አንድ ዓይነት አይደለም

በባሕር ዳር ጎዳናዎች በእግሩ የሚዘዋወር ሰው ሳይፈልግ ብዙ ነገር ያነባል። የቆርቆሮ አጥሩ የደላላ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። የኤሌክትሪክ ምሰሶው የሚከራይ ቤትና የአስጠኚ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። የግንብ አጥሩ የሚደገፍ ክለብና የአፍቃሪዎች ስም ተሸክሟል። «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» ከሚለው ማስጠንቀቂያ ጎን ሌላ ማስታወቂያ ይታያል። የፖለቲካው አየር ሲከብድ ደግሞ በሌሊት ተጽፎ በማግስቱ በቀለም የሚሸፈን መፈክር ይመጣል። ይህ የአዲስ አበባም፣ የጎንደርም፣ የሐዋሳም መልክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ባሕር ዳርም ከተሸጋገረ ወዲህ የከተማ ውበት ትልቅ የአስተዳደር አጀንዳ ሆኗል። ግድግዳ ንጹሕ እንዲሆን የማይፈልግ የለም። ለመሆኑ ግን ያልተፈለገውን ጽሑፍ የምናጠፋው በየትኛው ሕግ ነው? ወጪው የማን ነው? ተጠያቂውስ ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በግድግዳ ላይ የሚጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ በአንድ ብሩሽና በአንድ ክስ ሊስተናገድ አይገባም።

ከመነሻው እንጀምር። ግድግዳው ባለቤት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የንብረት መብትን ይጠብቃል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 689 በሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል፤ መነሻውም የተበዳዩ አቤቱታ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 ደግሞ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። እንግዲህ የሕግ እጥረት የለም። የጎደለው የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ መለየት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የንግድ ጽሑፍ ነው። ብዛቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ መፍትሔውም ከሁሉም ይቀላል። ምክንያቱም ጥፋተኛው ስልክ ቁጥሩን በራሱ እጅ ጽፎ ሄዷል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የውጭ ማስታወቂያ በዘፈቀደ ሳይሆን በሥርዓት እንዲመራ አድርጓል። ደንብ አስከባሪው በየሰፈሩ ወረቀት ሲልጥ ከሚውል፣ በማስታወቂያው የተጠቀመውን ነጋዴ በሕጋዊ መንገድ ጠርቶ የማጽጃውን ወጪና መቀጮውን ቢያስከፍል ውጤቱ ፈጣን ይሆናል። ይህን ሲያደርግ ግን አማራጭም ማዘጋጀት አለበት። በገበያው፣ በመናኸሪያውና በየቀበሌው አነስተኛ ክፍያ የሚጠየቅበት የማስታወቂያ ሰሌዳ በሌለበት ከተማ የሚከራይ ክፍል ያላት እናት ወረቀቷን የት ትለጥፍ?

ሁለተኛው ዓይነት በቅርስ ላይ የሚደርሰው ነው። በጎንደር አብያተ መንግሥት ግድግዳዎች ላይ ስማቸውን ጭረው የሄዱ ጎብኝዎችን ምልክት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባቸው የጣና ገዳማት አደጋ ደግሞ ይብሳል። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች ብዙዎቹ በተመረገ የጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው። በሲሚንቶ አጥር ላይ የተጻፈ ስም በአንድ ባልዲ ቀለም ይሸፈናል፤ በዚህ ጨርቅ ላይ በሚስማር የተጫረ ስም ግን ከሥዕሉ ጋር ይኖራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ሥዕሉ ከተቀደደ በኋላ የሚመጣ እስራት ሥዕሉን አይመልስም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለጠባቂ፣ ለመከለያና ለአስጎብኚዎች ሥልጠና ነው።

ሦስተኛው ዓይነት መፈክር ነው። ከባዱም ይኸኛው ነው።

በአገራችን የግድግዳ መፈክር ታሪክ የደም ታሪክ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በሌሊት መፈክር በመጻፍና ወረቀት በመበተን የተጠረጠሩ ወጣቶች ሕይወታቸውን ከፍለዋል። መንግሥት ግን የራሱን መፈክር በየአደባባዩ በትልልቅ ፊደል ያጽፍ ነበር። ጥፋቱ በግድግዳ ላይ መጻፉ ሳይሆን የተጻፈው ቃል ነበር ማለት ነው። ከዓመታት በኋላም፣ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ ክንድን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየትን ሳይቀር ከልክሏል።

የሌላውም አገር ልምድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስተምራል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት መኪና ላይ ቀለም ረጭተሃል ብላ አራት ጊዜ በመግረፏ ዓለም ተነጋግሮበታል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ሕጉ በ1966 ሲወጣ ከምክንያቶቹ አንዱ የተቃዋሚዎች የግድግዳ መፈክር እንደነበር ነው። በንጽሕና ስም የሚወጣ ሕግ ሐሳብን ለመቅጣትም ያገለግላል።

ይህን ስል በሰው አጥር ላይ መፈክር መጻፍ መብት ነው ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ይሰጣል እንጂ የሌላውን ግድግዳ አይሰጥም። ባለቤቱ ያስጠፋው፤ የጻፈውም ከተገኘ በንብረት ጉዳት ይጠየቅ። በዚያው ግን ያብቃ። የክለብ ስም የጻፈው በመቀጮ፣ መፈክር የጻፈው ደግሞ በጸረ ሽብር ክስ የሚጠየቁ ከሆነ የሚቀጣው ቀለሙ ሳይሆን ቃሉ ነው። ቃሉ ሰዎችን ወደ ጥቃት በቀጥታ የሚያነሣሣ ከሆነ የራሱ ሕግ አለው፤ በዚያ ሕግ በማስረጃ ይቅረብ።

ከዚህም የሚብሰው የባለ አጥሩ ዕጣ ነው። እንደ ባሕር ዳር ግጭት በዞረበት ከተማ በሌሊት ማን እንደጻፈበት የማያውቅ ባለቤት ጠዋት «ለምን ተጻፈብህ?» ከተባለ፣ ተበዳዩ ተከሳሽ ሆነ ማለት ነው። የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው፤ ጥፋት ከግድግዳ ወደ ባለቤቱ አይተላለፍም።

ስለ ማጽዳቱ ከሁለት የአሜሪካ ከተሞች የሚቀሰም ነገር አለ። ኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሮቿን ከ1984 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ያጸዳችው በአንድ ቀላል መርሕ ነው፦ የተጻፈበት ፉርጎ ሳይጸዳ ወደ መሥመር አይመለስም። ጸሐፊው ሥራው ሲታይለት ካላየ መጻፉ ትርጉም ያጣል። ፊላዴልፊያ ደግሞ በዚያው በ1984 እ.ኤ.አ. ግድግዳ የሚያበላሹ ወጣቶችን ሠዓሊ አድርጋ በሥራ አሰማራቻቸው፤ ዛሬ ከተማዋ በግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች።

የሥዕል ውርስ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ላላት ባሕር ዳር ይህ ባዕድ ሊሆን አይገባም። አስተዳደሩ ጽሑፉን ከማጥፋቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይመዝግብ፤ የማጥፊያ ጊዜውን በሰዓት ይወስን፤ የነጋዴውን ወጪ ከነጋዴው ይቀበል፤ ባለ አጥሩን እንደ ተበዳይ ይይ፤ ባዶ ግንቦችን በባለቤቱ ፈቃድ ለወጣት ሠዓሊያን ይስጥ። መፈክሩን ካጠፋ በኋላ ግን አንድ ሥራ ይቀረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው በሌሊት የጻፈውን በቀን ተሰብስቦ፣ በጋዜጣ ጽፎ፣ በአዳራሽ ተናግሮ መግለጽ ካልቻለ፣ ከተማው ቀለም ከመግዛት አያርፍም።