የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለማን ነው?

ዛሬ በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል የምትገኙ ተማሪዎች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቻችሁ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ትገባላችሁ። ከወልቂጤ ከተማ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ይህ በር ለጉራጌ አገር እንደ ቀድሞው ሩቅ አይደለም። የበሩ መቅረብ መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ቀረበ ማለት ትምህርቱ ቀረበ ማለት ነውን? እኔ አይመስለኝም።

አገራችን ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በቀር በባዕድ አገዛዝ ሥር እንዳልኖረች ታውቃላችሁ። ስለዚህም ትምህርትን ከቅኝ አገዛዝ ቀንበር ማላቀቅ የሚለው ጥያቄ የጋናና የኬንያ ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚሉ አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመሩት ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ካህን ነበሩ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ። የማስተማሪያውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። አገሩ ነጻ ሆኖ ሳለ ትምህርቱ በውሰት መጣ ማለት ነው። በውሰት መጀመር ነውር አይደለም፤ ውሰቱ ሲሰነብት ርስት መስሎ መታየቱ ግን ጉዳት አለው።

ነገሩ እንዲገለጥ እንሰትን እንመልከት። በጉራጌ ጓሮ የቆመውን እንሰት ጠንቅቃ የምታውቀው ባለቤቲቱ ናት። የትኛው ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛውስ ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን ለይታ ታውቃለች። የእንሰቱ ሥር ተቆርጦ፣ እምብርቱ ወጥቶ ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይሰጣል፤ የተፋቀውም በቅጠል በተጠቀለለ ጉድጓድ ውስጥ በሚገባ ሲብላላ ወራት ያልፉታል እንጂ አይበላሽም። ይህን ያወቀው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም። እንግዲህ ከዚህ ጓሮ የወጣ ተማሪ ስለ መብላላት ሲማር ምሳሌው የወይን ጠጅ ብቻ ቢሆን፣ እናቱ የምታውቀው ነገር ዕውቀት መሆኑን በምን ይረዳል?

ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት የተጻፈውን ብትሹ፣ በስፋት የታወቀው መጽሐፍ አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ነው። የጉራጌ ቋንቋዎች ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላትም በቮልፍ ሌስላው ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1979 በጀርመን አገር ታትሟል። ሁለቱም ሊመሰገኑ ይገባል፤ እነርሱ ባይደክሙ ኖሮ ብዙ ነገር ሳይጻፍ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ የጉራጌ ልጅ የእናቱን ቃል ምንጭ ለማወቅ አስቀድሞ እንግሊዝኛ መማር አለበት። ይህ የሚያሳፍር ነው ባልል እንኳ የሚያሳስብ ነው።

ዓይኑን ወደ አገሩ ሰብል የመለሰ ምሁር ደግሞ ምን እንደሚያገኝ ተመልከቱ። ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ፣ ብራድበሪ ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር፣ እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴርያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኡጋንዳ ሙዝ መጠውለግ ሲጀምር ጠላቱ ያው ባክቴርያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የራስን ጓሮ ማጥናት ጠባብነት ነው የሚለው ወቀሳ ከንቱ ነው። በሽታው ግን እስከ ዛሬ እንሰት ያጠፋል። የሚፈውሰው መድኃኒት ስላልተገኘለት፣ ያለው ዘዴ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት ነው። ይህ ምክር በምትሰማው ቋንቋ ከፋቂዋ ጆሮ ካልደረሰ፣ በመጽሔት መታተሙ ለእርሷ እንሰት ምን ያደርግለታል?

ቡታጅራም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ምሁራን ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ከቤት ቤት እየዞሩ ማስመዝገብ ጀመሩ። ኋላም የአእምሮ ሕመም በዚያው ተጠና። ከዚህ መዝገብ ብዙ የዶክትሬት ጽሑፎች ወጡ፤ የቡታጅራም ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ታወቀ። ሥራውን አደንቃለሁ፤ አገር በቀል ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ሆኖም ስንት ልጅ እንደ ሞተባት ተጠይቃ በራሷ አፍ የመለሰችው እናት፣ የጥናቱ መልስ የታተመው በማታነበው ቋንቋ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት፣ ውጤቱ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በተጠናበት ቀበሌ ሳይነበብ ሊጸድቅ አይገባውም።

እንግሊዝኛ ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ሳይንስ በብዛት የሚጻፍበትን ቋንቋ መጣል ራስን ማደህየት ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን በመወሰኑ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የፊዚክስን ትርጉም በቃሉ የሚያነበንብ፣ «እስቲ በአማርኛ አስረዳኝ» ሲሉት ግን ዝም የሚል ተማሪ በየክፍሉ አለ። እንዲህ ያለው ተማሪ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልተማረም።

የራስን ዕውቀት ማክበርም እንደ ጣዖት ማምለክ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም በቂጫ ያስታርቃሉ። የሕግ ተማሪ ሁለቱንም መመርመር አለበት። የቃቄ ወርድወት በዘመኗ በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች መብት እንደ ተሟገተች ይነገራል። ባህሉን የጠየቀችው ከውጭ የመጣ ሰው ሳትሆን የባህሉ ልጅ ነበረች።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ሠርተዋል። ይህ ሥርዓት በአዲስ መልክ ቢመለስ እደግፋለሁ፤ ሆኖም የሚሄደው ተማሪ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመማርም ይሂድ። የእርሻ ተማሪው አንድ ወቅት ከእንሰት ፋቂዎች ጋር ይሥራ፤ ያየውንም ጽፎ ሲጨርስ ከፈታኞቹ መካከል ከእነርሱ አንዷ ትቀመጥ። ፊደል የማታውቅ ሴት እንዴት ትፈትናለች የሚል ቢኖር፣ የታመመውን እንሰት ከጤነኛው በቅጠሉ ለይታ ታሳየው፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው የጻፈው ይነበብላትና ትክክል መሆን አለመሆኑን ትናገር።