«ሥነ ሥርዓት!» የሚባለው ለማን ነው?

በቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» የሚለውን ጩኸት ያልሰማ ከመካከላችን አለ ቢባል አላምንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቅ ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) በዋርካ ሥር በተደረገ ስብሰባ ተገኝቼ ነበር። አጀንዳው የሴፍቲ ኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ተነበበ። አንዲት ባልቴት እጃቸውን አወጡ፤ አልታዩም። ደግመው አወጡ፤ «ቆዪ፣ ይደርስሻል» ተባሉ። ሰብሳቢው ለሦስት ወንዶች ዕድል ሰጠ፤ ሦስቱም አመስግነው ተቀመጡ። «እንግዲህ ወደሚቀጥለው አጀንዳ...» ሲል ሴትዮዋ ብድግ ብለው «ኧረ ስሜን ማን ሰረዘው?» ሲሉ ጮኹ። ያኔ ነው ከየአቅጣጫው «ሥነ ሥርዓት!» የተባለው። አንድ ሚሊሻ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዳር አወጣቸው።

ታዲያ ረባሹ ማን ነው?

እውነቱን እንነጋገር፤ ረባሽ የለም አልልም። አረቄ ቀምሶ መጥቶ ሰው ሲናገር የሚያፏጭ አለ። የወሰን ክርክሩን በየአጀንዳው የሚያነሳ፣ ዕድል ካገኘ የማይለቅ አለ። እንዲህ ያለውን «ይብቃህ፣ ተቀመጥ» ማለት የሌላውን ሰው ሰዓት መጠበቅ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በጥንት ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ሰብሳቢዎቻችን ከማዕረጉ ባይሆን ከስሙ ጥቂት ቢማሩ ምን አለበት! ነገር ግን ሰዓትን መጠበቅ ሌላ፣ አፍን መጠበቅ ሌላ ነው። ለሚያመሰግን ጊዜ ሞልቶ ለሚጠይቅ ጊዜ የሚያልቅበት ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አለው አይባልም።

ደግሞ እኮ ሴትዮዋ ከአጀንዳ አልወጡም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት አሠራር ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ቀርቦ እንዲተች፣ ቅር ያለውም አቤት የሚልበት ኮሚቴ በቀበሌው እንዲኖር የሚያዝ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ለዚያው እርከን እንዲሰጥ ይላል። በቀጥታ መሳተፍ ማለት ማጨብጨብ ብቻ ነው እንዴ?

ሕዝባችን ስብሰባን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውጫጭኝ ዘመን ሌባው ካልተገኘ አገሬው ተሰብስቦ ይዋል ይባል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ከተቋቋሙ በኋላም በደርግ ዘመን ከስብሰባ መቅረት ያስጠይቅ ነበር። መምጣት ግዴታ፣ መናገር ግን ፈቃድ! ያም ሆኖ በበላ ልበልሃ ጊዜ አላፊ አግዳሚው ከዛፍ ሥር ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ሙግት የሚሰማ አገር ነው፤ መስማት ለኛ ባዕድ አይደለም።

«አስተማሪ በዚህ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ በማዲሰን ከተማ የትምህርት ቦርድ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ስብሰባ ላይ አንድ መምህር ተነስቶ በመናገሩ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱም በ1969 ዓ.ም. ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ አስተማሪ ነህና አትናገር ሊባል አይገባም ብሎ ወሰነ። የኛ ጉዳይ ግን ከመናገርም ያልፋል። ነገ ወደ ውጫሌም ሆነ ወደ ወረባቦ ስትመደቡ፣ ጽሑፍ ታውቃላችሁና የቀበሌው ቃለ ጉባዔ እናንተው ዘንድ ይመጣል።

በዚያን ቀንም ጸሐፊው አስተማሪ ነበር። ስብሰባው ሲበተን ጠጋ ብዬ መዝገቡን አየሁ። «አንዲት ግለሰብ ስብሰባውን አውካለች» ይላል።

«ያሉትን ለምን አልጻፍክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«‹ስሜን ማን ሰረዘው?› ብለሃ! ገና አልተፈረመበትም፤ አስተካክለው።»

ሰብሳቢውን ቀና ብሎ አየና ብዕሩን ኪሱ ከተተ።