ቱርቦው ሳይሞት ለቅሶ አንቀመጥ

መኪናው ቀስ ብለው ሲነዱት ደህና ነው። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉትና የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ግን ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል። ጋራዥ ሲደርስ ፍርዱ የታወቀ ነው፦ «ቱርቦው ሞቷል፤ ይቀየር!» ማን መረመረው? ማንም!

እስቲ ከጎሚስታ እንማር። የሚተነፍስ ጎማ ሲመጣለት «አዲስ ግዛ» አይልም፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። ቱርቦም እንደዚያው ነው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ በዝግታ ሲነዳ አይታወቅም፤ ግፊት ሲበረታ ይከፈትና አየሩ ይባክናል። መስመሩን ደፍኖ፣ በኮምፕረሰር መጠነኛ አየር ሰጥቶ ሳሙና ውሃ መቀባት ያጋልጠዋል።

ቤንዚን ከሆነ ቀጥሎ ካንዴላው ይታይ። አየሩ ይበልጥ ሲታመቅ ብልጭታው ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ክፍተቱ በእርጅና የሰፋ ካንዴላ እዚህ ላይ ይከዳል። ከዚያ የነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ። ለዝግታ የበቃ ነዳጅ ለሙሉ ጉልበት ላይበቃ ይችላል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ቱርቦው ለሞተሩ ያንኑ ያህል አየር ለማድረስ ከጅቡቲው የበለጠ ይለፋል። እዚህ የሚባክን አየር ያስቆጫል።

ቱርቦ አይሞትም አላልኩም። ዘንጉ ሲላላ፣ ዘይት ሲያፈስ ይሞታል። ቢሆንም ሬሳው ሳይታይ መርዶ አይነገርም። «ይቀየር» ሲሏችሁ «በምን አወቃችሁ?» በሉ። የሳሙና ውሃ ከቱርቦ ይረክሳል።