ድረ ገጾች ሲስፋፉ የግል መረጃ ጥበቃም ትኩረት ይሻል

በቡታጅራና አካባቢዋ በሚገኙ 10 ቀበሌዎች ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው በዚህ የጤና ጥናት ነዋሪው መረጃውን የሰጠው ደጁ ድረስ መጥቶ ለጠየቀው መዝጋቢ ነበር።

ዛሬ ግን ጠያቂው ሳይታይ መረጃ የሚወሰድበት ሁኔታ ተፈጥሯል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የሚገኝ አንድ የጤና ጽህፈት ቤት በድረ ገጹ ላይ የዩቲዩብ ቪዲዮ ወይም የጉግል ካርታ ቢያስገባ፣ ገጹ ሲከፈት የአንባቢው የኢንተርኔት አድራሻ፣ አብዛኛውን ጊዜም የጽህፈት ቤቱ ድረ ገጽ ስም ጭምር ለኩባንያው ይደርሳል። ይህ የሚሆነው አንባቢው ቪዲዮውን ባይመለከትም ነው።

ጉግል በክሮም ብራውዘር ያስተዋወቀው «ፌንስድ ፍሬም» በአንድ ገጽና በውስጡ በገባ የሌላ ወገን ይዘት መካከል የመረጃ ልውውጥን ለመገደብ የታሰበ አጥር ነበር። ይሁን እንጂ በዋናነት ለማስታወቂያ የተሠራ በመሆኑና ፋየርፎክስና ሳፋሪ ስላልተቀበሉት ሰፊ አገልግሎት ሳይሰጥ ጊዜው እንዳለፈበት ተቆጥሯል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 «ፕራይቬሲ ሳንድቦክስ» በተሰኘው በዚሁ ፕሮጀክት ሥር የነበሩ በርካታ ቴክኖሎጂዎችን እንደሚያቋርጥ አስታውቋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ኩባንያ የሠራውን አጥር ያው ኩባንያ ሊያነሳው ይችላል። በመሆኑም የዜጎችን መረጃ የመጠበቅ ኃላፊነት ለብራውዘር ሠሪዎች የሚተው አይደለም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ በሕጋዊ መንገድ፣ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የመከታተል ሥልጣንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

መፍትሔው ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ካርታውን በምስል መልክ በራስ ገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ቪዲዮውን በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ አድራሻውን ብቻ ማመልከት፣ ወይም አንባቢው ፈቅዶ ሲጫን ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ድረ ገጽ የሚያሠራ ኃላፊም ሥራውን ከመረከቡ በፊት ገጹ ወደ ውጭ የሚልከው ምን እንደሆነ ባለሙያውን መጠየቅ ይኖርበታል። የቡታጅራው መዝጋቢ ደጅ አንኳኩቶ ይጠይቅ እንደነበረው ሁሉ፣ የመንግሥት ድረ ገጽም አስቀድሞ ሊያስፈቅድ ይገባል።