መኪናው በሐሙሲት ያልፋል

 

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ደብዳቤና ስለ አንድ ጨዋታ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሐሙስ ቀን ገበያው ከተበተነ በኋላ፣ ማታ ለትምህርት ተሰበሰብን። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው አወጡ።

«ይኸ የልጄ ደብዳቤ ነው» አሉን። «ስልክማ አለ። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁና ከእንግዲህ ጻፊልኝ ብያት ነበር። አሁን ራሴ ላነበው ነው። የከበደኝን ብቻ ንገሩኝ።»

ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፉ አነበቡ። እኛ የረዳናቸው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ልጃቸው ደብረ ታቦር ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። በሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥም ትጫወታለች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄደን፣ ከዚያ ካሉ የኮሌጅ ሴቶች ጋር እንጋጠማለን። ቅዳሜን እዚያው አድረን እሑድ እንመለሳለን። እኛ በጠቅላላው ስምንት ነን። መኪናችን በሐሙሲት ያልፋል። አባቴ አትሄድም ካለ ከሐሙሲት ላይ እወርዳለሁ። ልብሴንም ይዤ እመጣለሁ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

አንድ አባት «ሴት ልጅ በአደባባይ ስትዘል ነውር አይዶለም ወይ?» አሉ። ሌላው «ኳስ ምን ያበላል?» ብለው ጠየቁ። እኛም ቸኩለን «ምን ችግር አለው? ትሂድ እንጂ!» አልን።

እናትየው ወደ እኛ ዞሩ። «ልጆቼ፣ እናንተ ገና አልወለዳችሁም» አሉን። «እኔን ያስጨነቀኝ ኳሱ አይዶለም። የት ያድራሉ? ማን አብሯቸው ይሄዳል? መቼ ይመለሳሉ? ይኸን ማን ነገረኝ?»

እውነታቸውን ነው። እኛ ተሳስተን ነበር። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ለመሆኑ ቅርጫት ኳስ ምንድን ነው? በአንድ ጊዜ ከአንድ ወገን አምስት፣ ከሌላው ወገን አምስት ሆነው ይጫወታሉ። የደከመችው ስትወጣ ሌላዋ ትተካለች። ሜዳው 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት አለው። በክንድ ብንለካው 56 ክንድ በ30 ክንድ ያህል ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ የብረት ቀለበት ተሰቅሏል። ቀለበቱ ከመሬት ከፍታው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም ስድስት ክንድ ያህል ነው። ኳሷን በዚያ ቀለበት ውስጥ ያሳለፈ ነጥብ ያገኛል። ኳስ ታቅፎ መሮጥ አይፈቀድም። ወይ መሬት ላይ እያነጠሩ መሄድ፣ ወይ ለጓደኛ ማቀበል ነው። ሰው መግፋትም ጥፋት ነው። አምስት ጊዜ ያጠፋች ተጫዋች ከጨዋታው ትወጣለች።

አሁን ስምንት መሆናቸው ለምን እንደሚያስጨንቅ ይገባችኋል። አምስቱ ሲጫወቱ የሚያሳርፏቸው ሦስት ብቻ ናቸው። አንዷ ሐሙሲት ላይ ከወረደች ሁለት ይቀራሉ።

ጨዋታው የተጀመረው በአሜሪካ አገር በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. ነው። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር በብርድ ወራት ቤት ውስጥ የሚሆን ጨዋታ ፈለገ። ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ግራና ቀኝ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ቅርጫት ኳስ የተባለውም ለዚህ ነው። ቅርጫቱ ቂጥ ስለነበረው፣ ኳስ በገባ ቁጥር በመሰላል ወጥቶ ማውረድ ግድ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሴንዳ በረንሰን የምትባል መምህርት ጨዋታውን ለሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎቿ አስተማረች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትታመማለች ይባል ነበር። ስለዚህ መምህርቷ ሜዳውን በሦስት ከፈለችው። እያንዳንዷ ተጫዋች ከክፍሏ እንዳትወጣ ታዘዘች።

በ1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ወር ካለፈ በኋላ፣ የሁለት ኮሌጆች ሴቶች ሳን ፍራንሲስኮ በተባለ ከተማ ተጋጠሙ። አንዱ ስታንፎርድ፣ ሌላው ካሊፎርኒያ ይባላል። ስታንፎርድ 2 ለ1 አሸነፈ። ወንድ ተመልካች ግን እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ «ነውር ነው» የሚለው ነገር የእኛ አገር ብቻ አይዶለም።

በኦሎምፒክ የወንዶች ቅርጫት ኳስ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። የሴቶቹ የገባው በ1968 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሴቶች ሜዳውን በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ለ40 ደቂቃ ይሮጡበታል። የሴት ጉልበት ያን ያህል መቻሉን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም አናንስም፤ እናውቀዋለን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሮጣ በኦሎምፒክ አንደኛ ወጥታለች።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ለጨዋታው እንዴት እንደሚዘጋጁም ጽፋለች። ጠዋት በብርዱ ይሮጣሉ። ማታ ኳስ መቀባበል ይለማመዳሉ። በሰው ከተማ ሲጫወቱ ተመልካቹ የሚጮኸው ለባለቤቶቹ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ ተማሪዎች ዳር ቆመው ቆርቆሮ እየመቱ ይጮሁባቸዋል። እነሱም እየተጮኸባቸው ወደ ቀለበቱ ይወረውራሉ። «አሁን ጩኸቱን ለምደነዋል» ትላለች።

አየሩንም ያስቡበታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ የለመደ ሰው ወደ ታች ሲወርድ ትንፋሹ ይቀለዋል። ሙቀቱ ግን ያልበዋል። ስለዚህ ከመጠማታቸው በፊት ውኃ እንዲጠጡ አሠልጣኛቸው ነግራቸዋለች።

በዚያው ሐሙስ ማታ እናትየው እርሳስ ያዙ። ጥያቄያቸውን በአራት መስመር ጻፉ። «የት ያድራሉ? ማን አብሮ ያድራል? መቼ ይመለሳሉ?» ከሥሩ ስማቸውን አሰፈሩ። በጣታቸው አልፈረሙም። ወረቀቱን በማግሥቱ የመኪና ረዳት ወሰደው።

ማክሰኞ መልስ መጣ። የጻፈችው አሠልጣኟ ናት። ልጆቹ የሚያድሩት በሴቶች ማደሪያ ነው። እሷም እዚያው አብራቸው ታድራለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የስልክ ቁጥሯንም ጽፋለች።

እናትየው ወረቀቱን ለባለቤታቸው ሁለት ጊዜ አነበቡላቸው። አባትየው «የስልክ ወሬ አላምንም» ሲሉ ነበር። አሁን ግን ወረቀት ነው። ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ «ቅዳሜ እኔም መንገድ ዳር እቆማለሁ። ያን ጊዜ እናገራለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እኛም ወጣን። መኪናው ከደብረ ታቦር ወርዶ፣ በወረታ ታጥፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ መጣ። ሐሙሲት ላይ ቆመ። ልጅቱ ወረደች። የልብስ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው።

አባትየው ቦርሳውን ከትከሻዋ ላይ ተቀበሉ። ልባችን ተሰቀለ። ከፈቱትና አንድ ከረጢት በሶ ከተቱበት። መልሰው አሸከሟት። «ለሰባቱም አካፍያቸው» አሉ። «በይ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ!»

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ከዚህ አንድ ነገር ተምረናል። ልጅ ወደ ሰው አገር ስትሄድ ወላጅ መጠየቁ ልጅቱን ማስቀረት አይዶለም። የሚያስቀራት ጥያቄው መልስ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ይምጣላችሁ። ራሳችሁም አንብቡት። ልጆቹን የሚወስዱትም ወላጅ ሳይጠይቃቸው አስቀድመው ይጻፉ።

ማን አሸነፈ? እናትየውን ጠየቅናቸው። «በስልክ እንዳትነግሪኝ፣ ጻፊልኝ ብያታለሁ» አሉን። ደብዳቤው ሲደርስ በክፍላችን ያነቡልናል።

እንወያይበት

1. እናትየው የጠየቋቸው ሦስት ጥያቄዎች ምን ምን ናቸው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጨምራላችሁ?

2. የሴቶች ቅርጫት ኳስ ኦሎምፒክ የገባው ከወንዶቹ ስንት ዓመት ዘግይቶ ነው? ከ1968 ላይ 1928 ቀንሱ።

3. ከቤታችሁ ርቆ ለሚማር ልጅ ወይም ዘመድ አራት መስመር ደብዳቤ ጻፉ። ስማችሁን ከሥር አስፍሩ።