የሠራተኛን ድካም ማወቅ ለነጋዴው ስለሚሰጠው ጥቅም

ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ የሸቀጡን ዋጋ፣ የመጋዘኑን ኪራይ፣ የጭነቱን ወጪና የመንግሥትን ግብር አንድ በአንድ ይጽፋል። ነገር ግን በመዝገብ የማይገባ አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ ይኸውም ሠራተኛው ከታዘዘው በላይ በፈቃዱ የሚጨምረው ጥንቃቄ ነው። ይህ ጥንቃቄ ሲኖር ንግድ ይለመልማል፤ ሲጠፋ ግን ኪሣራው ከየት እንደ መጣ እንኳ ሳይታወቅ ካፒታል ይመናመናል።

ለዚህ ነገር በአብደራፊና በመተማ ቆላ ከሚካሄደው የሰሊጥ ሥራ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ሰሊጥ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል። በደረሰ ጊዜ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ከጫፉ ይከፈታልና፣ አጨዳው ጥቂት ቀን ቢዘገይ ወይም አጫጁ ነዶውን ቢወረውረው የዓመቱ ድካም መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው ነዶ በአካባቢው ሂላ በሚባለው አቋቋም ቀጥ ብሎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ከዚያም ሸራ ተነጥፎ ይራገፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለእርሻው በየማሳው ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ፍሬውን ከመርገፍ የሚያድነው የተቆጣጣሪው ዐይን ሳይሆን የሠራተኛው ልብ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ከደጋው አገር ለጥቂት ወራት ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። የሚጠብቃቸውም ሐሩርና ወባ ብቻ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክም የኖረው፣ እነዚህ ሁለቱ የወቅት ሠራተኛውን አብዝተው የሚያጠቁ ስለ ሆኑ ነው። ሠራተኛው ከቀን ሒሳቡ በላይ የሚከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አሠሪው ሊዘነጋው አይገባም።

«ደመወዙን ከከፈልሁት ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚል አሠሪ አይታጣም። እንዲህ የሚለው ሰው ደመወዝ የሚገዛው የሠራተኛውን ሰዓት እንጂ ጥንቃቄውን እንዳልሆነ አላስተዋለም። በአጨዳ ወራት ሠራተኛ በየአቅጣጫው ይፈለጋል። በስሙ የማይጠራ፣ ድካሙም የማይታወቅለት ሰው ጎረቤት ጥቂት ብር በጨመረ ቀን ነዶውን ጥሎ ይሄዳል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ድካሙ የታወቀለት ግን ሥራውን ጨርሶ ይሰናበታል፤ በሚመጣውም ዓመት ወንድሙንና ጎረቤቱን አስከትሎ ይመለሳል።

ይህ ሲባል ግን ምስጋና ደመወዝን ይተካል ማለት አይደለም። ሒሳቡን እያዘገየ የሚያመሰግን አሠሪ በሠራተኛው ላይ ያላግጣል። መጀመሪያ ክፍያው በቀኑና በሙሉ ይፈጸም፤ ምስጋናው ከዚያ በኋላ ይከተል። ሕጉም ቢሆን ከደመወዝ የሚያልፍ ግዴታ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዝዛል። ደግሞም የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ብዙ ነጋዴዎች ይህን ወረቀት እንደ ከንቱ ሥራ ይቈጥሩታል። ነገር ግን አገሩን ለቆ ለመጣ ሰው፣ ማኅተም ያረፈበትና «ሥራውን በሚገባ አከናውኗል» የሚል አንድ መስመር የተጨመረበት ወረቀት ለሚቀጥለው ሥራ በር የሚከፍትለት ሀብት ነው። ለነጋዴው የሚያስወጣው ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም።

ምስጋናም የራሱ ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ ተለይቶ ይነገር። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ «አንተ ያቆምኸው ሂላ አንድም ነዶ አልወደቀበትም» ማለት ይበልጣል፤ ሠራተኛው ሥራው በእርግጥ መታየቱን የሚያውቀው በዚህ ነውና። ሁለተኛ፣ ለተረሱት ይድረስ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሸጥ ሰሊጥ ናሙናው ታይቶ ደረጃ ይሰጠዋል። ጥሩ ደረጃ በተገኘ ጊዜ ደስታው በባለሰሊጡ ዘንድ ብቻ ይቀራል። ባዕድ ነገሩን አበጥረው ያወጡት ሴቶች፣ ጆንያውን ከዝናብ የጠበቀው ዘበኛና ሚዛኑን በታማኝነት የያዘው ሰው ግን ወሬውን እንኳ አይሰሙም። ሦስተኛ፣ ፍርድ ይኑረው። ሽልማቱ ለዘመድና ለካቦው ወዳጅ የሚሰጥ ከሆነ፣ አንዱን አስደስቶ አሥሩን ያስቀይማልና ባይሰጥ ይሻላል።

ስለዚህ ባለእርሻውም፣ ላኪውም፣ አስመጪውም፣ ባለሱቁም በያሉበት የሠራተኞቻቸውን ስምና የሠሩትን መልካም ሥራ የሚጽፉበት አንድ መዝገብ ቢከፍቱ፣ ወቅቱም ሲዘጋ በዚያ መዝገብ መሠረት ለሚገባው ሁሉ በሌሎች ፊት ቢያመሰግኑት፣ ጋቢም ሆነ የመመለሻ መሳፈሪያ ቢጨምሩለት፣ ጥቅሙ ለራሳቸው ነው። ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደጋ ከወጣ በኋላ «እንዴት ያለ ሰው ነበር!» ማለት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።