ለጆንያው መዝገብ፣ ለሰውስ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወጣ፣ ማለትም ከ2011 ዓ. ም. ወዲህ፣ ዓመታት ቢያልፉም በአሠሪዎች ላይ የጣላቸው ግዴታዎች ከጅጅጋ አልፈው እስከ ሐርተሼክ ሱቆች ደርሰዋል ለማለት አንደፍርም።

ሐርተሼክ በ1980 ዓ. ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹትን ወገኖች የተቀበለች፣ በጊዜው ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ የነበረባት፣ ሠፈሩ በ1996 ዓ. ም. ከተዘጋ በኋላም በንግዷ የምትኖር ከተማ ናት። በዚሁ ንግድ የመጋዘን ዘበኛው፣ የሱቅ ተላላኪውና የሻይ ቤት አሳላፊዋ የሚቀጠሩት ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ «የዘመድ ልጅ ነው፤ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባላል።

በቃል መዋዋልን ሕጉ አልከለከለም። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን ልክና የአከፋፈሉን ሁኔታ፣ ውሉ የሚቆይበትንም ጊዜ ገልጾ የፈረመበትን ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። «ለሙከራ ነው የያዝኩት» የሚል አሠሪም የሙከራውን ስምምነት በጽሑፍ ማድረግ ይገባዋል፤ ይኸውም ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። ጽሑፉ ባለመኖሩ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። እንግዲህ ከወረቀት የሸሸ አሠሪ ከግዴታው አላመለጠም፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ራሱም ማስረጃ ያጣል እንጂ።

መተማመን የአገሩ የንግድ መሠረት መሆኑን እናውቃለን፤ እናከብራለንም። ሆኖም ያው ነጋዴ የሸጠውን ጆንያና የሰጠውን ዱቤ በመዝገብ ያሰፍራል። ይህን በማድረጉ ደንበኛውን ሰደብክ የሚለው የለም። ለጆንያው የተገባው ጥንቃቄ ለሰው ጉልበት ሲሆን እንደ ጥርጣሬ የሚቆጠረው ስለምንድር ነው?

አንድ እንቅፋት ግን አለ። አዋጁ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የሐርተሼክ አሠሪና ሠራተኛ የሚነጋገሩት በሶማሊኛ ነው። ያላነበቡትን ሕግ ጥሰዋል ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ግን ከተማረው ወገን የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች በመምህራን እየታረሙ፣ ከላይ የዘረዘርናቸውን ነጥቦች የያዘ የአንድ ገጽ ቅጽ በሶማሊኛ እንዲያዘጋጁ፣ ማኅበራችንም አባዝቶ በዕረፍት ጊዜ ወደየከተማቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች እንዲያድል እናሳስባለን። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ወረቀትና ቀለም፣ የጥቂት ሰዎችም ትጋት ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተማርነውን ለሕዝብ መመለስ ከዚህ ሊጀምር ይችላል።